ደህና ነው የሚሉ ምሰሶዎች

ወለንጪቲ ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ምሰሶውን ያንኳኳል። ፊቱን ያልታጠበም ይወጣል፣ ልጅ ያዘለችም ትወጣለች፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚወጣም አይጠፋም። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ በአጭር ሰንሰለት የታሰረች የባሕር ዛፍ መዶሻ አለች፤ በከተማው መንገድ ላይ የቀረ እንጨት ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ተረኛው መዶሻዋን ያነሳል፣ በደረቱ ትክክል ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ምሰሶው ጥቂት ያስብና «ደህና ነው» ይላል። የሚናገረው በሰው ድምፅ ነው፤ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ። ያንኳኳው ሰው «ተመስገን» ይልና ወደ ቁርሱ ይመለሳል።

ያልተንኳኳ ምሰሶ ያለበት ቤት በሦስተኛው ቀን መብራቱ ይጠፋል። በዚህ ያደገ ሰው ምንም አይመስለውም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት መዶሻ ይዞ ሲወጣ ሲያይ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከሁለት መቶ ቦታ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲል ሲሰማ፣ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ማየቱ አይቀርም።

ያ ድምፅ የጉርሙ በዳኔ ነው። ጉርሙ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ አሁንም እዚያው ከተማ፣ እዚያው ቤት ትኖራለች።

ትርንጎ በዚያ ሰዓት ደጅ አትወጣም። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በርና መስኮቷን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ታስነሳለች። ጨርቅ ኖረም አልኖረም ታስሮጠዋለች። ድምፁ ደጁ ላይ ሲያልፍ መርፌዋ ባዶውን ትወጋለች። ምሰሶዋን የምታንኳኳላት ጎረቤቷ ወርቅያንስ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በመጀመሪያ የራሷን፣ ቀጥላ የትርንጎን ስታንኳኳ አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። የሰፈሩ ሰው ግን አይተኛም፣ ሴትየዋ ባሏን ትፈራዋለች እያለ ያማታል። ሐሜት አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ትፈራው ነበር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በምስጥ ነው። ድሮ የመብራት ምሰሶ ባሕር ዛፍ ነበር። ሬንጅ ተነክሮም ቢሆን ቆላ ውስጥ አሥር ዓመት አይሞላም፤ ምስጥ ከሥር ይገባና ላዩን ሳይነካ ውስጡን ይጨርሰዋል። ትናንት ዘብ መስሎ የቆመው ዛሬ ነፋስ ሲመጣ መንገድ ላይ ይጋደማል። ስለዚህ መርማሪ ያስፈልግ ነበር፤ ጉርሙም መርማሪ ነበር። መዶሻውን ይዞ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየሄደ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ጤነኛውን «ደህና ነው»፣ የተበላውን «ታሟል» ይለዋል። ሦስተኛ ቃል አልነበረውም። ጓደኞቹ «እሱ እኮ ለምሰሶ ሰላምታ ይሰጣል» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ ሲወጡ ግን እሱ ያልጠየቀውን ምሰሶ አይወጡም።

ከዚያ ከመስታወት ክር የተሠራው የፋይበርግላስ ምሰሶ መጣ። ምስጥ አይበላውም፣ አይበሰብስም፣ መብረቅ አይጠራም፣ ሁለት ሰው በትከሻው ይዞት ይሄዳል። ሰማንያ ዓመት ይቆማል ተባለ። ሰዉ ስሙን እንኳ አልለወጠለትም፤ ዛሬም «የመብራት እንጨት» ይለዋል። አዲሱ ምሰሶ ራሱን በራሱ እንዲመረምር ሲፈለግ የምሰሶ ጽሕፈት ቤቱ ከመርማሪዎች ሁሉ ጆሮው የተመሰከረለትን ፈለገና ጉርሙን አገኘ። ጉርሙ ሦስት ዓመት የድምፅ መቅጃ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሐረር እስከ መቱ ዞረ። የእንጨቱም የፋይበሩም ምሰሶ ጎን ለጎን በቆመበት በዚያ ዘመን አርባ ሺህ ምሰሶ አንኳኳ፣ አርባ ሺህ ጊዜ ፈረደ። ሥራው ባለቀ በአምስተኛው ወር በጉበት በሽታ ሞተ።

ልጁ ሲፈን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷን የምታውቀው በምሰሶ ነው። እናቷ ስትፈልጋት የምታገኛት አንዱን ምሰሶ አቅፋ፣ ጉንጯን ለጥፋ፣ በትንሽ ጠጠር ስታንኳኳ ነው። ፀሐይ የበላው ፋይበርግላስ ላዩ እየተላጠ የመስታወት ጸጉር ያወጣል፤ ቆዳ ላይ ሲሰካ አይታይም፣ ግን ያቃጥላል። ትርንጎ የልጇን ክንድ ሊጥ እያንከባለለችበት ስታወጣላት፣

«ምን አባሽ አድርጊ ብሎሽ ነው የምታቅፊው?» ትላታለች።

«ደህና ነው አለኝ» ትላለች ልጅቷ እያለቀሰች።

አድጋም ሌላ ሥራ አላማራትም። የመስመር ሠራተኛ ሆነች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ከመውጣቷ በፊት ታንኳኳለች፣ አባቷ ይመልስላታል፣ ትወጣለች። ትርንጎ ሌላ ሥራ ብትይዝላት ትወድ ነበር። ግን ልጅን ከአባቷ ጋር አታውሪ ይባላል?

የወርቅያንስ ባል አቶ ደበላ ሳንባቸው ከደከመ ቆይቷል። ቤታቸው ውስጥ መተንፈሻ ማሽን አለ፤ ያለ እሱ ግማሽ ቀን አይሆንላቸውም። በግንቦት መጨረሻ፣ ያ አቧራ የሚያዘንበው ነፋስ ሦስት ቀን ነፍሶ ሲያበቃ፣ ወርቅያንስ ለምርመራ ይዛቸው አዳማ ልትሄድ ተነሳች። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከመሄዷ በፊት፣ የትርንጎን በር ቆረቆረች።

«ትርንጎዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከ ሰኞ አንመለስም። ምሰሶዬ ሳይንኳኳ ሦስት ቀን ከሞላው ስንመለስ ማሽኑን ምን ላይ ልሰካው ነው?»

ትርንጎ መቀሷን አስቀመጠች። የሃያ ዓመት ውለታ ከፊቷ ቆሞ ነበር።

«ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ አለሁ» አለች።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዋ አልተነሳም። ትርንጎ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የሰፈሩ ሰው መዶሻውን እንደያዘ ዞሮ አያት። በመጀመሪያ ደጇ ላይ ያለውን፣ ቁጥሩ አርባ አንድ አሥራ ስምንት የሆነውን ምሰሶ አንኳኳች።

«ደህና ነው» አላት ባሏ።

ያን ያህል ቅርብ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ገና ውሃ ያልጠጣበት ጉሮሮ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ወርቅያንስ ምሰሶ ወደ አርባ አንድ አሥራ ሰባት ሄደች፣ ሦስት ጊዜ መታች፣ ጠበቀች።

ምሰሶው አሰበ። ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ አሰበ። ከዚያ በጥርሱ መሃል አየር ወደ ውስጥ ሳበ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው፤ «ደህና ነው» አለ።

ሌላ ሰው ቢሰማው ምንም አይልም። የአገራችን ሰው ሲስማማ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስብ የለም? ጉርሙም አዎ ሲል ይስባል፤ ያኛው ግን አጭር ነው፣ ከጉሮሮ ነው። ይህን የጥርሱን ትርንጎ ታውቀዋለች። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሰምታዋለች። «እንዴት አደርክ?» ስትለው፣ ጎኑን ይዞ፣ አየር በጥርሱ ስቦ፣ «ደህና ነኝ» ይላት ነበር። ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል። የሚለውን ራሱ እንደማያምነው ታውቃለች፣ እንደማታምነው ያውቃል። እኛ ዘንድ እሳት ላይ የተቀመጠ ሰውም ቢሆን ሲጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ሌላ መልስ መስጠት ነውር ይመስላል።

ግን ያ ትንፋሽ ከሕመሙ በፊትም ነበር። ይህን ከትርንጎ በቀር የሚያውቅ የለም። በእንጨቱ ዘመን «ታሟል» ማለት መስመሩ ያን ቀን ይቆረጣል ማለት ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ተተኪ ምሰሶ የለም። ሰፈሩ ሦስት ወርም አራት ወርም ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ጉርሙ አንዳንድ ምሰሶ ሥር ሲቆም ቀና ብሎ የመስመሩን አወራረድ ያይ ነበር። መጨረሻው ላይ ጤና ኬላ ካለ፣ ወፍጮ ካለ፣ አልጋ የያዘ ሰው ያለበት ቤት ካለ፣ ምላሱ ታሟል ለማለት አይታዘዝለትም። አየር በጥርሱ ይስብና «ደህና ነው» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ የሐዲድ ብረት ተሸክመው ይሄዱና ያንን ምሰሶ ይደግፉታል። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ ትይዛለች። «የዋሸሁትን ላቁም» ይላት ነበር ላቡን እየጠረገ። ድጋፍ ያደረገለት ምሰሶ አንድም አልወደቀም።

መቅጃውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስት ዓመት ሲዞርም ያንኑ አድርጎ ነበር። ሐረርም መቱም ላይ ብረት የሚይዝለት ሰው አልነበረም እንጂ። ለአዲሱ ምሰሶ ያስተማሩት የተናገረውን ነው። ብረቱን ማንም አልቀዳውም።

ትርንጎ መዶሻዋን ለቀቀች። ከዚያ ነው ትዝ ያላት፤ ሲፈን ትናንት «ነገ ከሰዓት እናንተ ሰፈር ነኝ፣ ከእትዬ ወርቅያንስ ምሰሶ ላይ ለአዳዲሶቹ ቤቶች መስመር እስባለሁ፣ ምሳ ሥሪልኝ» ብላታለች።

ምሳ አልተሠራም። ትርንጎ እስከ ሰባት ሰዓት በርጩማ አውጥታ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች። ሲፈን መኪናዋን አቁማ ስትወርድ እናቷን እዚያ በማየቷ ደነገጠች።

«እማ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ይህንን አትወጪም።»

«የቱን?»

«ይህን ምሰሶ። ታሟል።»

ሲፈን ሳቀች። መዶሻዋን አንስታ ሦስት ጊዜ መታች። ምሰሶው አሰበ፣ በጥርሱ ሳበ፣ «ደህና ነው» አለ።

«ይኸው። አባቴ ደህና ነው ብሏል» አለችና ቀበቶዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«ትንፋሹን አልሰማሽም? ሲዋሽ ነው እንደዚያ የሚያደርገው።»

የሲፈን እጅ ቀበቶው ላይ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስለ አባቷ ከእናቷ አፍ የሰማችው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ከሰዓት አይሞላም። ትርንጎ ስለ እሱ ማውራት አይሆንላትም ነበር። አሁን ደግሞ የተነገራት ይህ ነው።

«ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ብለሽ፣ ዛሬ አባትሽ ውሸታም ነው ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

«ሰው ያሳዝነው ነበር እያልኩሽ ነው። አዝኖ ይዋሽ ነበር። እኔ ብረት ይዤለታለሁ፣ ልጄ። በነዚህ እጆቼ።»

እሑዶቹን ሁሉ ነገረቻት። ብረቱን፣ ጉድጓዱን፣ ጤና ኬላውን፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ወሮች። ስትናገር አፏ ደረቀ። ሲፈን እናቷን ሳይሆን ምሰሶውን እያየች ሰማቻት። ከዚያ በንዴት ወደ መኪናዋ ሄዳ የመጎተቻ ገመዱን አወጣች።

«እሺ። እንፈትነዋለን። ካልወደቀ ግን እማ፣ ስለ አባቴ ሁለተኛ እንዲህ እንዳትናገሪኝ።»

መስመሩን ከጽሕፈት ቤት አስጠፋች። ገመዱን በቁመቷ ልክ አሰረች፣ መንገዱን በሰው አዘጋች፣ መኪናዋን ቀስ ብላ ነዳች። ገመዱ ተወጠረ። ምሰሶው በመጀመሪያ እሺ አላለም፤ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ቆመ፣ ሲፈንም በመስኮት ወደ እናቷ ዞር አለች። በዚያች ቅጽበት በደረት ልክ ጧ ብሎ ተሰበረ። ሽቦው አርባ አንድ አሥራ ስምንትን ጎትቶ አንገጫገጨውና ተበጠሰ። ምሰሶው መሬት ላይ ሲወድቅ ቀላል ስለሆነ ነጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጋደም እንዳለ፣ አቧራው ገና ሳይበርድ፣ አየር በጥርሱ ሳበ።

«ደህና ነው» አለ።

መንገዱን ይዘው የቆሙት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ሲፈን ወርዳ ስብራቱን አየችው። ፋይበሩ እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ ተላቋል፤ በንብርብሮቹ መሃል የተቀመጠው አቧራ የዚህ ዓመት ነፋስ ያመጣው አልነበረም። ጉልበቷን አቅፋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ትርንጎ ልታቅፋት ጠጋ ስትል በእጇ ገፋ አደረገቻት። «ትንሽ ተይኝ» አለች። ተወቻት።

ሰኞ ዕለት የምሰሶ ጽሕፈት ቤቱ የተሰበረውን ምሰሶ ወሬ ሰምቶ ሁለቱንም አስጠራቸው። ኃላፊው አቶ ምንተስኖት ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ለትርንጎ ወንበር ሳበላት፣ ውሃ አስመጣላት። ከዚያ ዓርብ ጠዋት የከተማው ምሰሶዎች ሁሉ የሰጡትንና ተቀድቶ የተቀመጠውን መልስ አንድ በአንድ አሰማት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ባሏን ሰማችው። ትንፋሹ ባለበት ቦታ እጇን ታነሳለች፣ ሲፈን ትጽፋለች። ስድሳ አንድ ጊዜ አነሳች። በመካከሉ ሲፈንም መለየት ጀመረች፤ ከእናቷ እኩል ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ምንተስኖት ዝርዝሩን ከካርታ ጋር አስተያየው። ረጅም ጊዜ አስተያየው።

«እናቴ፣ ጤና ኬላ ነው። ወፍጮ ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው። ስድሳ አንዱም የአንዱ ካልሆነ የአንዱ መስመር ነው» አለ።

«እሱማ ነው። እያየ ነበር የሚያዝነው» አለች ትርንጎ።

«ምሰሶዎቹም ያያሉ ማለት ነው።»

«በአገሩ ሁሉ ስንት ይሆናሉ?» አለች ሲፈን።

«ገምተነዋል። እናትሽ ፊት ባልናገረው ይሻለኛል። እነዚያን ሁሉ ታመዋል ብንል፣ ደንቡ መስመሩ ይቆረጥ ነው የሚለው። ሆስፒታሉ ሁሉ፣ የውሃ መሳቢያው ሁሉ። ይገባችኋል?»

«እና?» አለች ትርንጎ።

«በአስቸኳይ መፍትሔ እንሰጣለን» አለ ምንተስኖት፣ ደጅ ድረስም ሸኛቸው። ስድሳ አንዱ የተጻፈበት ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ የጽሕፈት ቤት ሰነድ ነው ተባለ።

ሁለት ሳምንት ምሰሶዎቹ እንዳይናገሩ ተደረገ። ሰዉ ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዱ ወጥቶ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ መልስ የለም። «ተመስገን» ለማለት አፉን የከፈተ ሰው ከፍቶ ይቀራል። ልጆች ተራቸው ሲደርስ ያለቅሱ ጀመር። አንድ ሰፊ ከተማ እንዲህ ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ማንም አላወቀም ነበር። አቶ ደበላ አዳማ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አልጋ ተሰጥቷቸው ተኝተዋል፤ ቤታቸው መብራት ስለሌለ መመለስ አልቻሉም። ወርቅያንስ ትመላለሳለች። ከስታለች። ትርንጎ ጋ ጎራ ስትል «በጀሽ እንጂ፣ ልጅሽን አተረፍሽ» ትላታለች። ያለችውም ከልቧ ነው።

ሲፈን ማታ ማታ እናቷ ቤት ትመጣ ጀመር። እራት በልተው ሲያበቁ ትጠይቃታለች፤ ምን ይበላ ነበር፣ ሲቆጣ ምን ይላል፣ ይጨፍር ነበር ወይ። ትርንጎ ሃያ ሰባት ዓመት ያፈነችውን ቀስ በቀስ ታወጣለች። ሁለቱም ሲስቁ የተሰሙበት ማታ ነበረ።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ደብዳቤ መጣ። ማኅተም አለው፣ ሥር ላይ የምንተስኖት ፊርማ አለ። ወይዘሮ ትርንጎ ላደረጉት ትብብር ምስጋና ያቀርባል። ባደረጉት ጥቆማ መሠረት በምሰሶዎቹ ድምፅ ላይ የነበረው ጉድለት ከመላ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ መወገዱን ያበሥራል። ምሰሶዎቹ እንደገና ተመርምረው ደህና ሆነው መገኘታቸውን ይገልጻል።

ሲፈን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ምሰሶዎቹን አልቀየሩም» አለች። «ትንፋሹን ነው የቆረጡት።»

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትርንጎ ደጇ ላይ ቆማ ሰማች። ከላይ ሰፈር እስከ ገበያው፣ ከጤና ኬላው እስከ ሐዲዱ፣ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው»። ጥርት ያለ። ሕመም የማያውቅ፣ ማንንም አይቶ የማያዝን ድምፅ። ባሏን አስመስሎ የሚናገር ሰው እንጂ ባሏ አልነበረም። ሰዉ ግን ደስታውን አልቻለም፤ አንዳንዱ መዶሻውን ሳመ።

ያን ቀን ሲፈን ትእዛዝ ደርሷት መጣች። ለወርቅያንስ ቤት ከአርባ አንድ አሥራ ስምንት፣ ከትርንጎ ደጅ ምሰሶ፣ ጊዜያዊ መስመር እንድትስብ ነው። ወርቅያንስ ከአዳማ በጠዋት መኪና ደርሳለች። የባሏን አልጋ አንጥፋ፣ ማሽኑን ከአቧራ ጠርጋ፣ ሶኬቱን በእጇ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች።

ሲፈን አንኳኳች። «ደህና ነው» አለ ጥርት ብሎ። አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ቆመች፤ ሳትወጣ ቆየች። ከዚያ አወረደችው።

«እማ፣ አንቺ ስሚው።»

«ምኑን ልስማ? ትንፋሹ የለ።»

«እንደ እሱ ስሚው። በእንጨቱ ዘመን እንደሚሰማው። አጠገቡ ነበርሽ አይደል?»

ትርንጎ መዶሻዋን ተቀበለች። ይህ ምሰሶ ሌላኛው ሲወድቅ በሽቦው ተጎትቶ መንገጫገጩን ሦስቱም አይተዋል ወይም ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንም አያውቅም። ሦስት ጊዜ መታች፣ ጉርሙ እንደሚያደርገው ጆሮዋን ለጠፈች። የመስታወቱ ጸጉር ጉንጯ ላይ ተሰካ። ውስጡ ባዶ ነው፤ የፋይበር ምሰሶ ድሮም ውስጡ ባዶ ነው፣ ጤነኛውም የታመመውም። ነፋስ ይሰማል። ከላይ ሽቦው ይዘምራል። እንጨት ለጉርሙ ይነግረው የነበረውን የሚነግራት ነገር ግን ምንም የለም። እንደገና መታች። ምንም።

ዓይኗን ስትከፍት በአንድ በኩል ወርቅያንስ ሶኬቱን ይዛ፣ በሌላ በኩል ልጇ ቀበቶዋን ታጥቃ ያዩዋታል። ታሟል ካለች ሠራተኛ አይወጣም፤ ተተኪ ምሰሶ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት አይደርስም። አቶ ደበላ ኮሪደር ላይ ሦስት ወር ይችሉ እንደሆነ ሐኪሞቹ ለወርቅያንስ የነገሯትን ትርንጎም ሰምታለች።

ወርቅያንስ ከበሯ ላይ ሆና፣ «ትርንጎዬ፣ ደህና ነው አይደል? አሁን ራሱ ደህና ነው ብሏል እኮ» አለች።

«ታሟል» አለች ትርንጎ።

ሲፈን ጠጋ አለቻት። ጉንጯ ላይ የቀላውን አየች፣ በጣቷም ነካችው።

«እማ፣ እኔን እይኝ። እውነት ሰምተሽ ነው?»

«በጆሮዬ ሰማሁ» አለች ትርንጎ፣ የልጇን ዓይን ዓይን እያየች።

ሲፈን ቀበቶዋን ፈታች። ወርቅያንስ ሶኬቱን በሩ ደፍ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። አዳማ ያሉት ባሏ ሲያነሱላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ደበላ» አለች፣ «ዛሬም አይደለም።»